ባንዷ እውነተኛ ናት? የአጥንት እድገት ተቀባይን በአንቲቦዲ የመፈለግ ዝርዝር መመሪያ

60 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) ላይ ቁልጭ ያለች ባንድ፣ የፕሮቲን መስመር፣ ወጣችልኝ። አንዲት ብቻ፣ ንጹህ። አንቲቦዲው ቢኤምፒአር1ኤ የሚባለውን የአጥንት እድገት ተቀባይ ያገኛል ተብሎ የተሸጠ ነው። ፕሮቲኑም 60 ገደማ ነው። ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ሦስት ሳምንት ሙሉ እሷን ተማምኜ ሠራሁ። ከዚያ የላብ ጓደኛዬ «ጂኑን አጥፍተሽ አይተሻታል?» አለኝ። አላየኋትም። በኤስአይአርኤንኤ፣ ጂን በሚያፍን አጭር አርኤንኤ፣ ጂኑን ዝም አሰኘሁት። አርኤንኤው በደንብ ወረደ። ባንዷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ሦስት ሳምንት ያሳደድኩት ሌላ ፕሮቲን ነበር። ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ያ ነገር በእናንተ ላይ እንዳይደርስ ነው። ዌስተርን ብሎት፣ ፕሮቲኖችን በክብደት ለይቶ የሚፈለገውን በአንቲቦዲ የሚያሳየውን ሙከራ፣ ሠርታችሁ የማታውቁ ከሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከተሉት። የምታውቁ ከሆነ ደግሞ ስለ መቆጣጠሪያ ናሙናዎችና ስለ ሴል አሰባሰብ የሚያወሩትን ክፍሎች አትዝለሉ። የሚሸወደው ሰው የሚሸወደው እዚያ ነው።

መጀመሪያ፣ የምንፈልገው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1965 ማርሻል ዩሪስት የተባለ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም ማዕድኑ የወጣለትን አጥንት እንስሳት ጡንቻ ውስጥ ቀበረ። አጥንት በማይበቅልበት ቦታ አዲስ አጥንት በቀለ። አጥንቱ ውስጥ «እዚህ አጥንት ሥሩ» ብሎ የሚያዝ ነገር አለ ማለት ነው። ያ ነገር በኋላ ቢኤምፒ (የአጥንት ቅርጽ ሠሪ ፕሮቲን) ተባለ። ዛሬ ቢኤምፒ ብዙ ወንድምና እህት ያለው የፕሮቲን ቤተሰብ ነው።

ቢኤምፒ ከሴል ውጭ ሆኖ ነው የሚያንኳኳው። በሩ ላይ ቆመው የሚሰሙት ተቀባዮች ሁለት ዓይነት ናቸው። ዓይነት ሁለት የሚባለው፣ ለምሳሌ ቢኤምፒአር2፣ ዓይነት አንድ የሚባለው ላይ ፎስፌት ይለጥፍበታል። ዓይነት አንዱ ደግሞ ይነቃና ስማድ1፣ ስማድ5 እና ስማድ8 በሚባሉ መልእክተኞች ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። እነሱ ስማድ4ን ይዘው ወደ ኒውክለሱ ይገባሉ፣ ጂኖችን ይቀሰቅሳሉ።

ከዓይነት አንዶቹ አንዱ ቢኤምፒአር1ኤ ነው። በሌላ ስሙ አልክ3 ይባላል። የሰው ቢኤምፒአር1ኤ 532 አሚኖ አሲድ አለው። የሴሉን ሽፋን አንዴ ብቻ ሰንጥቆ ያልፋል። ከውጭ አጭር ክንድ፣ ከውስጥ ኪናዝ፣ ማለትም ፎስፌት ለጣፊው ክፍል። ቢኤምፒአር1ቢ ወይም አልክ6 የሚባለው ወንድሙ በጣም ይመስለዋል፣ በተለይ በውስጠኛው ክፍል። ይህን መመሳሰል ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እነዚህ ተቀባዮች ሲበላሹ የሚመጣውን ለማየት ሌላውን የቤተሰቡን አባል፣ ኤሲቪአር1ን፣ መጥቀስ ይበቃል። በ2006 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እዚህ ጂን ውስጥ ያለ የአንድ ፊደል ለውጥ ፋይብሮዲስፕላዢያ ኦሲፊካንስ ፕሮግሬሲቫ የሚባለውን በሽታ እንደሚያመጣ አሳዩ። ጡንቻና ጅማት ቀስ በቀስ አጥንት የሚሆንበት በሽታ ነው።

አንቲቦዲ ስትመርጡ

ካታሎግ ላይ ፎቶዋ የምታምር ባንድ አታታልላችሁ። መረጃ ወረቀቱን ክፈቱና መጀመሪያ አንድ ነገር ፈልጉ፦ አንቲቦዲው የተሠራው በየትኛው የፕሮቲኑ ክፍል ላይ ነው? በውስጠኛው የኪናዝ ክፍል ላይ ከሆነ ቢኤምፒአር1ቢንም ሊይዝ ይችላል፣ ያልኳችሁ መመሳሰል እዚያ ነው ያለው። በውጭኛው ክንድ ላይ የተሠራ ከሆነ ሁለቱን የመለየት ዕድሉ የተሻለ ነው።

ግን ውጭኛው ክንድም የራሱ ጣጣ አለው። በሰልፈር ድልድዮች ተቆላልፎ የታጠፈ ነው። አንዳንድ አንቲቦዲ የሚያውቀው ያንን ቅርጽ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ዌስተርን ብሎት ላይ ፕሮቲኑን በኤስዲኤስ (ሳሙና መሰል ነገር) እና በዲቲቲ (የሰልፈር ድልድይ ሰባሪ) ቅርጹን አጥፍተን ነው የምናስኬደው። ስለዚህ በህይወት ባሉ ሴሎች ላይ፣ በፍሎው ሳይቶሜትሪ፣ አንደኛ የሆነ አንቲቦዲ ብሎት ላይ ድርቅ ሊል ይችላል። «ለዌስተርን ብሎት ተፈትኗል» የሚለውን ሳታዩ አትዘዙ።

ቀጥሎ ዝርያ። የአይጥ ሴል ላይ የምትሠሩ ከሆነ አንቲቦዲው የአይጡን ፕሮቲን ማወቅ አለበት። የአይጥ ቲሹ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ አይጥ ውስጥ የተሠራ አንቲቦዲ ባትገዙ ይሻላል። ሁለተኛው አንቲቦዲ (የመጀመሪያውን ይዞ ባንዷን የሚያሳየን) የቲሹውን የራሱን አንቲቦዲ ይይዝና 50 እና 25 ኪሎዳልተን ላይ ወፍራም ባንዶች ይደረድርላችኋል። 50ው ከእኛው 60 ጋር ተጎራብቶ ዓይን ያወናብዳል። ጥንቸል ውስጥ የተሠራ ውሰዱ።

ሞኖክሎናል ወይስ ፖሊክሎናል? አቅም ካለ ሞኖክሎናል፣ ማለትም ሁሉም አንድ ዓይነት የሆነው፣ በተለይ ሪኮምቢናንት (ከታወቀ ጂን በላብ የሚመረት) የሚባለው። ፖሊክሎናል ከአንድ እንስሳ ደም የሚወጣ ነው፤ እንስሳው ሲያልቅ ያ አንቲቦዲም አለቀ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው የካታሎግ ቁጥር የምትገዙት ከሌላ እንስሳ የመጣ ነው። ስሙ ያው፣ ጠባዩ ሌላ።

ጠርሙሷ ስትደርስ

በረዶው ቀልጦ፣ ፓኬቱ ለብ ብሎ ቢደርስ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ጉምሩክ ላይ የቆየ ዕቃ የለመደ ሰው ይህን ያውቃል። አንቲቦዲ ጠንካራ ፕሮቲን ነው፣ ጥቂት ቀን በክፍል ሙቀት ብዙ ጊዜ ይችላል። የሚገድለው ደጋግሞ መቀዝቀዝና መቅለጥ ነው። ስለዚህ መብራት ሄዶ የሚመጣበት ቦታ ላይ የምትሠሩ ከሆነ 50% ግሊሰሮል ያለበትን ምረጡ። በነጌቲቭ 20 ዲግሪ አይጋገርም፣ ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። ግሊሰሮል ከሌለው 10 ማይክሮሊትር እያደረጋችሁ በትናንሽ ቱቦ ከፋፍሉት። ከመክፈታችሁ በፊት ለጥቂት ሰከንድ ሴንትሪፊውጅ አድርጉ፤ ውድ ጠብታ ክዳኑ ላይ ተጣብቃ ትቀራለች።

የሎት ቁጥሩን (የምርት ዙሩን ቁጥር) ዛሬውኑ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ነገ ማለት የለም፣ ጠርሙሱ ይጠፋል።

ከሴል በፊት፣ ዳኞቹን አዘጋጁ

ብዙ ሰው መቆጣጠሪያ ናሙናን ውጤቱ ከመጣ በኋላ ነው የሚያስበው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ጄሉ ላይ ከናሙናችሁ ጋር እነዚህ አብረው ይሩጡ፦

ጂኑ ዝም የተሰኘበት ናሙና። በሁለት የተለያዩ ኤስአይአርኤንኤዎች፣ ለየብቻ። አንዱ ብቻ ከሆነ ያልታሰበ ጂን ነክቶ ይሆናል። ከጎናቸው ምንም የማይነካ ኤስአይአርኤንኤ የወሰዱ ሴሎች። ተቀባዩ ሽፋን ላይ ስለሚቆይ በ24 ሰዓት አትቸኩሉ፣ እስከ 72 ሰዓት ጠብቁ። አርኤንኤው መውረዱንም በኪውፒሲአር፣ የአርኤንኤ መጠን በሚለካው ዘዴ፣ አረጋግጡ። ካልወረደ ባንዷ ባትጠፋ ምን ይገርማል?

ቢኤምፒአር1ኤን በብዛት እንዲያመርቱ የተደረጉ ሴሎች። ከተቻለ ፕሮቲኑ ላይ ፍላግ ወይም ኤችኤ መለያ ይኑር፣ በመለያው አንቲቦዲ ባንዷ የት እንደምትወድቅ ታያላችሁ።

ቢኤምፒአር1ቢን በብዛት የሚያመርቱ ሴሎች። ይህን የሚሠራ ሰው ጥቂት ነው። አንቲቦዲያችሁ ወንድማማቾቹን የሚለይ መሆን አለመሆኑን የምታዩት ግን እዚህ ብቻ ነው።

የትኛው ሴል? ሲ2ሲ12 ጥሩ መጀመሪያ ነው። የአይጥ የጡንቻ ቅድመ ሴል ነው፤ ቢኤምፒ2 ሲሰጠው ጡንቻ መሆኑን ትቶ የአጥንት ሴል ጠባይ ያሳያል። ቢኤምፒአር1ኤ አለው፣ ቢኤምፒአር1ቢ ግን እምብዛም የለውም፤ ለእኛ ጉዳይ ይህ በረከት ነው።

ሴል መሰብሰብ፣ ትሪፕሲን የለም!

ሴል ከሳህን ላይ ሲነሳ እጅ በልምድ ወደ ትሪፕሲን ይሄዳል። ተዉት። ትሪፕሲን ፕሮቲን ቆራጭ ነው። የተቀባዩ ክንድ ከሴሉ ውጭ ተንጠልጥሏል። ሴሎቹ በሰላም ሲለቁ ክንዱ እየተቀረጠፈ ነው። አንቲቦዲያችሁ የሚፈልገው ያንኑ ክንድ ከሆነ ባዶ ሜምብሬን ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ። እኔ ላይ ደርሷል፤ ሁለት ብሎት በከንቱ ሄደ።

ሳህኑን በረዶ ላይ አስቀምጡ። ሚዲያውን አውጥታችሁ በቀዝቃዛ ፒቢኤስ (የጨው ማጠቢያ ፈሳሽ) ሁለት ጊዜ እጠቡ። የመጨረሻውን ፒቢኤስ ሳህኑን ሰያፍ አዘንብላችሁ ጥርግ አድርጋችሁ ምጠጡት፣ የቀረው ናሙናችሁን ያቀጥናል። ለ6 ሴንቲሜትር ሳህን 150 ማይክሮሊትር ያህል ቀዝቃዛ ራይፓ በፈር ጨምሩ። ራይፓ ማለት 50 ሚሊሞላር ትሪስ፣ 150 ሚሊሞላር ጨው፣ 1% ኤንፒ40፣ 0.5% ሶዲየም ዲኦክሲኮሌት እና 0.1% ኤስዲኤስ ነው። ፕሮቲን እንዳይቆረጥ የሚከላከለውን መድኃኒት በዚያው ሰዓት ጨምሩበት። በኋላ ፎስፎ ስማድ፣ ፎስፌት የተለጠፈበትን ስማድ፣ የምታዩ ከሆነ ፎስፌት እንዳይነሳ የሚከላከለውንም ጨምሩ። በፕላስቲክ መፋቂያ ፍቃችሁ ወደ ቱቦ አስገቡ።

በረዶ ላይ 30 ደቂቃ። ከዚያ በ4 ዲግሪ፣ በ14,000 ጂ፣ 15 ደቂቃ ሴንትሪፊውጅ። አተላው ከታች ይቀራል፣ እናንተ የላይኛውን ጥሩውን ፈሳሽ ውሰዱ። አተላውን ላለመንካት ትንሽ ብትተዉ ይሻላል።

የፕሮቲኑን መጠን በቢሲኤ ለኩ። ዲቲቲም ሆነ መርካፕቶኢታኖል ከመለካታችሁ በፊት እንዳይገባ፣ ልኬቱን ያበላሻል።

ማሞቅና ማስኬድ

ከእያንዳንዱ ናሙና 30 ማይክሮግራም። ተቀባይ በሴል ውስጥ እንደ አክቲን ተትረፍርፎ የሚገኝ ነገር አይደለም፣ 10 ማይክሮግራም ጭናችሁ ባንድ አትጠብቁ።

ማሞቅ ላይ ሰው ይከራከራል። የሽፋን ፕሮቲን ሲፈላ እርስ በርሱ ተጣብቆ ጄሉ አናት ላይ ተወትፎ ሊቀር ይችላል። ይህ ሽፋኑን ሰባት ጊዜ በሚያቋርጡት ላይ ይብሳል። የእኛው አንዴ ብቻ ስለሚያቋርጥ 95 ዲግሪን ለ5 ደቂቃ ብዙ ጊዜ ይችላል። እኔ አንድ ናሙና ለሁለት ከፍዬ ግማሹን በ95፣ ግማሹን በ70 ለ10 ደቂቃ አሙቄ ጎን ለጎን አስኬድኩት። 70ው ትንሽ ጠራ። ከዚያ ወዲህ በ70 ነው የምሠራው።

8% ወይም 10% ጄል ይበቃል። ናሙናዎቹ የላይኛውን ጄል እስኪያልፉ በ80 ቮልት፣ ከዚያ በ120። ሰማያዊው ቀለም ታች ሲደርስ አቁሙ።

ወደ ሜምብሬን

ስለ ስሙ ትንሽ ላውራ። ሳውዘርን ብሎት የተባለው ኤድዊን ሳውዘርን በተባለ ሰው ስም ነው፤ ዲኤንኤን ወደ ሜምብሬን ያሸጋገረበትን መንገድ በ1975 አሳተመ። ሳውዘርን በእንግሊዝኛ «ደቡባዊ» ማለትም ነውና፣ አርኤንኤ ሲሞከር ሰዎች ቀልደው ኖርዘርን፣ «ሰሜናዊ»፣ አሉት። በ1981 ኒል በርኔት ለፕሮቲኑ ዌስተርን፣ «ምዕራባዊ»፣ የሚል ስም ሰጠ። 

ፒቪዲኤፍ ሜምብሬን ተጠቀሙ። መጀመሪያ 30 ሰከንድ ሜታኖል ውስጥ ንከሩት፣ ካልተነከረ ውሃ አይቀበልም። ስፖንጅ፣ ወረቀት፣ ጄል፣ ሜምብሬን፣ ወረቀት፣ ስፖንጅ። ጄሉ በኔጌቲቭ በኩል፣ ሜምብሬኑ በፖዘቲቭ በኩል። ከተገላበጠ ፕሮቲናችሁ በፈሩ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ሜምብሬኑን ጄሉ ላይ ካስተኛችሁ በኋላ በቱቦ ከመሃል ወደ ዳር እየዳመጣችሁ አየሩን አስወጡ። አንዲት አረፋ ከቀረች ባንዱ ላይ ክብ ነጭ ቀዳዳ ትሠራባችኋለች፤ ሁልጊዜ ደግሞ የምትቀረው በጣም የምትፈልጉት ናሙና ላይ ነው።

በቀዝቃዛ ክፍል፣ በ100 ቮልት፣ ከ70 እስከ 90 ደቂቃ።

ሲወጣ በፖንሶ ኤስ ቀቡት። ቀይ ረድፎቹ እኩል ከሆኑ ጥሩ ነው። ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንሱ። ይህች ፎቶ በኋላ «እኩል ጭነሽ ነበር?» ሲባል ታድናችኋለች።

አንቲቦዲው ሥራ ሲጀምር

ሜምብሬኑን 5% ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት ባለበት ቲቢኤስቲ (ማጠቢያ በፈር) ለአንድ ሰዓት ሸፍኑት። ፎስፎ ስማድ የምታዩበት ሜምብሬን ከሆነ ግን በወተት ፋንታ ቢኤስኤ (ከላም ደም የሚገኝ ፕሮቲን) ይሁን። የወተቱ ኬሲን ራሱ ፎስፌት የተሸከመ ነውና ዳራውን ሊያጠቁር ይችላል።

የመጀመሪያው አንቲቦዲ ከ1 ለ1000 ይጀምር። አዲስ አንቲቦዲ ከሆነ 1 ለ500፣ 1 ለ1000 እና 1 ለ2000 በሦስት ቁራጭ ሜምብሬን ሞክሩ። በ4 ዲግሪ፣ እየተወዛወዘ፣ እስከ ንጋት። አንድ ሰዓት በክፍል ሙቀት ይበቃል የሚል ሰው አይጠፋም፤ ለአክቲን አዎ፣ ለዚህ ተቀባይ ሌሊቱን ስጡት።

ጠዋት በቲቢኤስቲ ሦስት ጊዜ፣ እያንዳንዱ 10 ደቂቃ። ሁለተኛውን፣ ኤችአርፒ (ብርሃን የሚያስወጣ ኢንዛይም) የተለጠፈበትን አንቲቦዲ፣ 1 ለ10,000 ለአንድ ሰዓት። የዚህ በፈር ውስጥ ሶዲየም አዛይድ እንዳይገባ። አዛይድ ኤችአርፒን ያሽመደምደዋል፣ ብርሃን አታዩም። እንደገና ሦስት ጊዜ እጠቡ። ኢሲኤሉን፣ ኤችአርፒ ወደ ብርሃን የሚቀይረውን ፈሳሽ፣ አፍሱ፣ ከዚያ ካሜራ። 10 ሰከንድ፣ 1 ደቂቃ፣ 5 ደቂቃ እያላችሁ ብዙ ምስል ውሰዱ።

ለጭነት ማመሳከሪያ ቱቡሊን አትጠቀሙ። 50 ላይ ነው የሚወጣው፣ ከእኛ ባንድ ጋር ይጋፋል። ጋፕዲኤች 37 ላይ ስለሆነ ይሻላል።

ባንዷን መመርመር

በስሌት ፕሮቲኑ 60 ኪሎዳልተን ገደማ ነው። ግን ላዩ ላይ ስኳር ስለሚለጠፍበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ትንሽ ደብዘዝና ሰፋ ብሎ ሊወጣ ይችላል። እንደ ምላጭ የቀጠነች ባንድ ሳይ አሁን አሁን ጥርጣሬ ይገባኛል። ስኳሩን ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ናሙናውን ፒኤንጂኤዝ ኤፍ በሚባለው ኢንዛይም በ37 ዲግሪ አንድ ሰዓት አቆዩት። እውነተኛዋ ባንድ በጥቂት ኪሎዳልተን ዝቅ ትላለች።

ዋናው ዳኛ ግን የኤስአይአርኤንኤው ረድፍ ነው። በሁለቱም ኤስአይአርኤንኤ ከደበዘዘች፣ ብዙ በሚያመርተው ረድፍ ላይ በዚያው ቦታ ከጎላች፣ ቢኤምፒአር1ቢ ባለበት ረድፍ ላይ ካልጎላች፣ ተቀባዩን ይዛችኋል። ጄሉ ላይ አራት ባንድ ወጥቶ አንዷ ብቻ ብትደበዝዝም እሷን መከተል ትችላላችሁ። አንዲት የምታምር ባንድ ወጥታ ካልተነቃነቀች ግን የእኔን ሦስት ሳምንት አስታውሱ።

አንዳንዱ «በፔፕታይድ አግጄው ባንዷ ጠፋች፣ ስለዚህ ትክክል ነው» ይላል። አንቲቦዲው የተሠራበትን ፔፕታይድ ስታቀምሱት የተሳሳተውን ፕሮቲን የሚይዝበት እጁም አብሮ ይታሰራል። ትክክለኛዋም የተሳሳተችውም ባንድ ይጠፋሉ።

ምንም ካልወጣ? ፖንሶ ፎቶውን እዩ። ፕሮቲኑ ሜምብሬኑ ላይ ካለ፣ ብዙ የሚያመርተው ረድፍም ዝም ካለ፣ ጥፋቱ ከአንቲቦዲው ነው። አንዴ ዲቲቲ ሳትጨምሩ ሞክሩ፤ ያልኳችሁ የሰልፈር ድልድይ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ብዙ የሚያመርተው ረድፍ ከወጣና የእናንተ ሴል ብቻ ዝም ካለ ደግሞ ሴሉ ውስጥ ተቀባዩ ትንሽ ነው፤ 50 ማይክሮግራም ጫኑ። ባንዱ መሃሉ ነጭ፣ ዳር ዳሩ ጥቁር ከሆነ ሁለተኛው አንቲቦዲ በዝቶ ኢሲኤሉን ጨርሶታል፣ አቅጥኑት።

ባንዷ ፈተናውን ካለፈች አንድ የመጨረሻ ሙከራ እወዳለሁ። ሴሎቹን ሴረም በቀነሰ ሚዲያ ጥቂት ሰዓት አቆዩና 50 ናኖግራም በሚሊሊትር ቢኤምፒ2 ለ30 ደቂቃ ስጧቸው። ፎስፎ ስማድ1/5 ይነሳል። ተቀባዩን ዝም ባሰኛችሁባቸው ሴሎች ላይ መነሳቱ ከቀነሰ በሩም ደወሉም ያንኑ ታሪክ ነው የሚነግሯችሁ። ሙሉ በሙሉ ካልጠፋ አትደንግጡ፤ ኤሲቪአር1ም ከጎን ቆሞ ይሰማል።

ያቺን የመጀመሪያዋን አንቲቦዲ አልጣልኳትም። ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ በር በኩል ባለው ሳጥን፣ ክዳኗ ላይ በማርከር «ውሸታም» ተብሎ ተጽፎባት ተቀምጣለች። አዲስ ተማሪ ላብ ሲገባ የመጀመሪያ ብሎቱን በእሷ አሠራዋለሁ፣ ከኤስአይአርኤንኤ ናሙናዎቹ ጋር። ባንዷን ሲያይ በጣም ደስ ይለዋል። እኔም ምንም አልለውም፤ ወደሚቀጥለው ረድፍ ዓይኑን እስኪመልስ ቆሜ እጠብቃለሁ።